ሰማያዊው ቀይ፣ ቀዩ አረንጓዴ፦ ታዋቂውን የክራብ ኔቡላ ምስል ከበየዳ ሰማይ ሥር ሆነን ስንገመግመው

ምስሉን ሳታዩት አትቀሩም። ጥቁር ሰማይ ላይ እንደ ተበጣጠሰ ድር የተዘረጋ ነገር ነው፤ ዳር ዳሩ ብርቱካንማ፣ ቀይና አረንጓዴ ክር፣ መሀሉ ደግሞ ጭስ የመሰለ ሰማያዊ ብርሃን። ስለ ሕዋ የሚያወራ ሁሉ አንድ ቀን ይለጥፈዋል። ሀብል የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ያነሳው የክራብ ኔቡላ ምስል ነው፤ ለሕዝብ የወጣው በ2005 መጨረሻ ላይ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ምስሉ ሁለት ዓይነት አስተያየት ትሰማላችሁ። አንዱ «ሰማይ እንዲህ ያምራል ለካ!» ይላል። ሌላው «ተዉ እባካችሁ፣ ይሄ በኮምፒውተር የተቀባ ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እዚያ ቦታ ብትደርሱ ዓይናችሁ እንደዚህ አያየውም፤ ምስሉ ግን ፈጠራ አይደለም። እኔ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ቅሬታ አለኝ፦ ምስሉ በጣም ጥሩ መለኪያ ሆኖ ሳለ፣ የክራብ ኔቡላን ትልቁን ነገር ይደብቅብናል። ትልቁ ነገር መንቀሳቀሱ ነው።

እስቲ ምስሉን እንደ አንድ ሥራ ቁጭ ብለን እንገምግመው፤ የበረታበትንም የደከመበትንም እንይ። ሰማዩን የምናይበት ቦታም ይኑረን፦ በየዳ፣ የሰሜን ተራሮች አናት። ለምን በየዳ እንደሆነ እዚያው ስንደርስ ግልጽ ይሆንላችኋል።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

ከፀሐያችን ብዙ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ እምብርቱ በገዛ ክብደቱ ይደረመሳል፤ ውጪው ደግሞ ይፈነዳል። ፍንዳታው ሱፐርኖቫ ይባላል። የተበተነው ጋዝ የሱፐርኖቫ ቅሪት ነው። የተደረመሰው እምብርት ደግሞ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ መሀል ላይ ይቀራል።

የክራብ ፍንዳታ ብርሃን ምድር የደረሰው በሐምሌ 1054 ነው። የቻይና ሰማይ ተመልካቾች ያልነበረ ኮከብ ድንገት ማየታቸውን መዘገቡ፤ 23 ቀን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ይታይ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ እስከ ሚያዝያ 1056 ድረስ በባዶ ዓይን ታየ። ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ከሐምሌ 1046 ዓ.ም. እስከ ሚያዝያ 1048 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገና አልተፈለፈሉም። በሐምሌና በነሐሴ የሰሜን ተራሮች በደመና ይሸፈናሉ፤ መስከረም ሲጠባ ግን ሰማዩ ይከፈታል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በበየዳ ከብት ሲጠብቅ ያደረ ሰው ሊነጋጋ ሲል ቀና ቢል፣ ያንን እንግዳ ኮከብ ከአናቱ አጠገብ ሲያበራ ያገኘው ነበር።

ስሙ የመጣው ከሥዕል ነው። በአየርላንድ ይኖር የነበረው ሎርድ ሮስ በ1844 ባሳተመው ንድፍ ላይ እግር እግር ያወጣ ሸርጣን የመሰለ ቅርጽ ሳለ፤ «ክራብ» ማለት ሸርጣን ነውና ስሙ በዚያው ቀረ። በዐውደ ነገሥት «ሸርጣን» የሚባለው ሌላ ነገር ስለሆነ አታምታቱት። ክራብ ኔቡላ የሚገኘው በሠውር፣ ማለትም በበሬው የኮከብ ስብስብ ውስጥ፣ ከአንደኛው ቀንድ ጫፍ አጠገብ ነው። ርቀቱ 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው።

ቀለሙ ምን እያለ ነው?

ወደ ምስሉ እንመለስ። የሀብል ካሜራ ያነሳው በጥቁርና ነጭ ነው። ከፊቱ ፊልተር ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ፊልተር አንድ ጠባብ የብርሃን ክፍል ብቻ ያሳልፋል። ከዚያ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ጥቁርና ነጭ ምስል አንድ ቀለም ሰጥተው ይደራርቡታል። በ2005ቱ ምስል ላይ ምደባው እንዲህ ነበር።

ቀይ የተሰጠው ሁለት ኤሌክትሮን ላጣ ኦክስጅን ነው። ይህ ኦክስጅን በተፈጥሮው የሚያበራው በ500.7 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን ቢያየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው።

ሰማያዊ የተሰጠው ምንም ኤሌክትሮን ላላጣ ኦክስጅን ነው። የእርሱ ብርሃን 630 ናኖሜትር ነው፤ ለዓይን ቀይ ነው።

አረንጓዴ የተሰጠው አንድ ኤሌክትሮን ላጣ ሰልፈር ነው። የእርሱ ደግሞ 672 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ለዓይን ጥልቅ ቀይ ነው።

አያችሁ? ቀዩ አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊው ቀይ ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ ከቀይም ቀይ ነው። በጠፈር ምስሎች ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልማድ አለ፦ አጭር ሞገድ ወደ ሰማያዊ፣ ረጅም ሞገድ ወደ ቀይ ይመደባል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል።

ታዲያ ማታለል ነው? አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ሌላ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ግድግዳውን ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። በዚያ የአሣሣል ባህል ጻድቁ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። «ይሄ ሰውዬ አንድ ዓይና ነበር እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሥርዓቱን ያላወቀ ነው። «ሠዓሊው ዋሸ» የሚልም እንደዚያው። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ግን ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ያነባል። የሀብል ቀለምም እንዲህ ያለ የንባብ ሥርዓት ነው፦ የትኛው ንጥረ ነገር፣ ምን ያህል ኤሌክትሮን አጥቶ፣ የት ቦታ እንዳለ ይነግራችኋል።

የምስሉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮን ማጣት የጋዙን ሁኔታ ያሳያል። ሁለት ያጣው ኦክስጅን ያለው ኃይለኛ ጨረር በሚደርስበት ስስ ጋዝ ውስጥ ነው፤ ምንም ያላጣው ደግሞ ጠጠር ባለና ከጨረሩ በተከለለ ጋዝ ውስጥ። ስለዚህ አንድ ክር ላይ ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ስታዩ፣ የክሩን ቆዳና ሥጋ ለይታችሁ እያያችሁ ነው። ይህን በተፈጥሮ ቀለም ብናነሳው ኖሮ ሁለቱ ቀዮች፣ የሰልፈሩና የኦክስጅኑ፣ ተቀላቅለው አንድ ይሆኑብን ነበር። ለመለየት ሲባል ሌላ ቀለም መስጠት ተገቢ ነው።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። መሀል ላይ ያለው ሰማያዊ ጭስ ከኦክስጅን ጋር ምንም አያገናኘውም። ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲሽከረከሩ የሚለቁት ብርሃን ነው። ዳር ያለው ሰማያዊ ክር ግን ኦክስጅን ነው። አንድ ቀለም፣ ሁለት ትርጉም! በምህንድስና ሥዕል ውስጥ በአንድ ዓይነት መስመር የውኃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያሳይ ሰው ሥዕሉ ይመለስበታል። እዚህም ሌላ ቀለም ቢመረጥ ኖሮ፣ የፈነዳው ጋዝና ጋዙን የሚያበራው ሞተር በአንድ ዓይን እይታ ይለዩ ነበር።

ቀረብ ብንል ይደምቅ ነበር?

ብዙ ሰው ምስሉን አይቶ «በመንኩራኩር እዚያ ብደርስ እንዲህ አየዋለሁ» ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ የፊዚክስ ሕግ ያሳዝነናል። እንደ ኔቡላ ያለ የተንጣለለ ነገር ስትቀርቡት ብርሃኑ ይበዛል፤ ግን ሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋትም በዚያው ልክ ይበዛል። ስለዚህ የእያንዳንዷ ቁራጭ ድምቀት ያው ነው። ቀርባችሁ ብታዩት ሰማዩን የሞላ፣ ፈዛዛ፣ ግራጫ የሚያደላው ጉም ነው። የሌሊት ዓይናችን ቀይን ለማየት ደካማ ስለሆነ የክሮቹን ቀይ አብዛኛውን አያገኘውም። ካሜራ ዓይንን የሚበልጠው ብርሃን ማጠራቀም ስለሚችል ነው።

እንግዲህ በየዳ ጋ ደረስን። የራስ ዳሽን አካባቢ ከፍታው ከ4,500 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ከባሕር ጠለል ጀምሮ ካለው አየር ከ40 በመቶ በላዩን ከእግሩ በታች ትቶታል። ይህ አንድ ጥቅም ነው። ሁለተኛው ኬክሮሱ ነው። በየዳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ክራብ ኔቡላ ሰማይ ላይ 22 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ልዩነቱ 9 ዲግሪ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ብታዩት 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ክራብ ኔቡላ ከፍ ሲል ከአናታችሁ አንድ ጭብጥ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ነው የሚያልፈው። ወቅቱ ደግሞ ይገጥማል፦ በታኅሣሥ ወር እኩለ ሌሊት አካባቢ አናት ላይ ይሆናል፤ ታኅሣሥ የበጋ ወር ነው።

ይህ ኬክሮስ ሌላም ነገር ይሰጣል። ካሲዮፒያ ኤ የተባለው ቅሪት ከኬፕታውን ጨርሶ አይወጣም። ቬላ የተባለው ቅሪት ደግሞ ከለንደን ጨርሶ አይወጣም። ከበየዳ ግን ሁለቱም ይወጣሉ፤ አንዱ በሰሜን 44 ዲግሪ፣ ሌላው በደቡብ 32 ዲግሪ ከፍታ ይደርሳሉ። የሰሜን ተራሮች ሁለቱንም ሰማይ ያያሉ።

ከዳባት ወይም ከደባርቅ መብራት ወጣ ብላችሁ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ተራ ባይኖኩላር ይዛችሁ ብትሞክሩ፣ ክራብ ኔቡላ ትንሽ የፈዘዘች ነጠብጣብ ሆና ትታያለች። የበሬውን ቀንድ ጫፍ ኮከብ ፈልጉ፤ ከእርሱ የሁለት ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ራቅ ብላ ትገኛለች። ቀለም የለም፣ ክር የለም። ርዝመቷ የጨረቃን ስፋት ሩብ አይሞላም። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው የሀብልን ምስል ሲያይ ምን ያህል ሥራ እንደተሠራበት ይገባዋል። ሀብል የሚታየውን ስፋት ለመሸፈን 24 ምስሎችን ገጣጥሟል።

ምስሉ የደበቀው

ዋናው ቅሬታዬ ይኸውና። እነዚያ 24 ምስሎች የተነሱት በጥቅምት 1999፣ በጥር 2000 እና በታኅሣሥ 2000 ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 14 ወር አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክራብ ኔቡላ ዝም ብሎ አልጠበቀም። ጋዙ በሰከንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተስፋፋ ነው፤ ዳር አካባቢ ያሉት ክሮች ሰማይ ላይ በዓመት እስከ 0.2 አርክ ሰከንድ ይንቀሳቀሳሉ። (አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሰከንድ ነው።) የዚያ የሀብል ካሜራ አንድ ፒክሰል 0.1 አርክ ሰከንድ ነበር። ስሌቱን ሥሩት፤ በ14 ወር ውስጥ የዳር ክር ሁለት ፒክሰል ያህል ሄዷል። ስለዚህ ይህ ምስል የአንድ ቅጽበት ምስል አይደለም። ስፌቱ ግን በጥሩ ሁኔታ ስለተሠራ የቆመ ነገር እያየን ይመስለናል።

መሀል ያለው ኒውትሮን ኮከብ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፐልሳር ነው፤ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፣ በዚያው ልክ ብልጭ ድርግም ይላል። ምስሉ ላይ ግን ከሌሎች ኮከቦች የማይለይ ነጭ ነጥብ ነው። ያን ሁሉ ብርሃን የሚያመነጨው ሞተር፣ ምስሉ ውስጥ እንደ መንገደኛ ቆሟል።

ይህን ስል «ታዲያ ፎቶ እንዴት እንቅስቃሴ ሊያሳይ ይችላል?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይችላል፤ ተሠርቶም አይተናል። ሀብልና የኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ቻንድራ ከ2000 እስከ 2001 ድረስ ፐልሳሩ ያለበትን መሀል ደጋግመው አንስተው፣ በ2002 እንደ ፊልም አሳይተውታል። እዚያ ላይ ከፐልሳሩ ዙሪያ የሚወጡ ቀለበት መሰል ማዕበሎች በብርሃን ፍጥነት ግማሽ ሲሸሹ ይታያል። እንደ 2005ቱ አያምርም፣ ጠባብ ነው፣ ፖስተር አይሆንም። ግን እኔን ምረጥ ብትሉኝ ከሁለቱ የተሻለው ሥራ እርሱ ነው። ክራብ ኔቡላ ቅሪት ቢባልም ሞቶ የተቀመጠ እንዳልሆነ፣ አሁንም እየሠራ ያለ ማሽን እንደሆነ ያሳያል።

በጥቅምት 2023 የወጣው የጄምስ ዌብ ምስልስ? የዌብ መስታወት 6.5 ሜትር ነው፣ የሀብል 2.4 ሜትር። ዌብ የሚያየው ዓይናችን ጨርሶ የማያየውን ኢንፍራሬድ ስለሆነ «ትክክለኛ ቀለሙ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ትርጉም የለውም። በእኔ ግምት ዌብ አንድ ነገር አሻሽሏል፦ የኤሌክትሮኖቹ ብርሃን ወተት የመሰለ ጭስ ሆኖ ከክሮቹ በግልጽ ተለይቷል፤ ቅድም ያማረርኩበት መደባለቅ እዚህ የለም። ሰልፈሩ ግን አሁን ቀይ ብርቱካናማ ሆኗል፤ እርሱም ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው ሰልፈር ነው። ስለዚህ የሀብልንና የዌብን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ «ቀዩ የት ሄደ?» ማለት አይቻልም። ቀይ እዚያ ኦክስጅን ነበር፣ እዚህ ሰልፈር ነው። መግለጫውን ሳያነቡ ማወዳደር የሁለት ቋንቋ ፊደል ቀላቅሎ ማንበብ ነው።

ከደባርቅ ሆኖ እንቅስቃሴውን ማየት

አሁን ጠቃሚው ክፍል መጣ። የክራብን መስፋፋት መጀመሪያ ያሳየው ሀብል ቴሌስኮፕ አይደለም። በ1921 ጆን ዳንካን የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ 12 ዓመት ገደማ የሚራራቁ ሁለት ፎቶዎችን አስተያይቶ ክሮቹ ከመሀል ወደ ውጪ እንደሄዱ አሳየ። በ1928 ኤድዊን ሀብል፣ ቴሌስኮፑ በስሙ የተሰየመለት ሰው፣ ፍጥነቱን ወደ ኋላ አስልቶ ፍንዳታው ከ900 ዓመት ገደማ በፊት መሆን አለበት አለ፤ ከ1054ቱ ኮከብም ጋር አገናኘው። ሁሉም የተሠራው በመስታወት ላይ በተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው።

ይህን ዛሬ አንድ የደባርቅ ተማሪ ሊደግመው ይችላል። የትኩረት ርዝመቱ 1,000 ሚሊሜትር የሆነ አነስተኛ ቴሌስኮፕና ፒክሰሉ 3.8 ማይክሮሜትር የሆነ ካሜራ ብታጣምሩ፣ አንድ ፒክሰል 0.78 አርክ ሰከንድ ሰማይ ይይዛል። በ10 ዓመት ውስጥ የዳር ክር 2 አርክ ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ፒክሰል ተኩል ይሄዳል። 10 ዓመት መጠበቅ ግን አያስፈልግም። በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ የፓሎማር ተመልካች ማዕከል የሰሜኑን ሰማይ በሙሉ ፎቶ አንስቶታል፤ ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ 70 ዓመት ገደማ ሆኖታል። 70 በ0.2 ሲባዛ 14 አርክ ሰከንድ፣ በእናንተ ካሜራ 18 ፒክሰል! ሁለቱን ምስሎች በኮከቦቹ አስተካክላችሁ እያፈራረቃችሁ ብታዩ፣ ኔቡላው እንደ ደረት ሲነፋ ታያላችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ምድር ስለምትዞር ቴሌስኮፑ ኮከቦቹን የሚከተል ሞተር ያስፈልገዋል፤ ሞተሩን የምታስተካክሉት በሰሜን ኮከብ ነው። እርሱ ከበየዳ 13 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ እንዳይጋርደው ቦታ ምረጡ። የፓሎማሩን ቀይ ፎቶ ከመረጣችሁ እናንተም ቀይ ፊልተር ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ የማይመሳሰል ነገር ታወዳድራላችሁ። አንድ ረጅም ፎቶ ከማንሳት 100 ባለ አንድ ደቂቃ ፎቶ አንሱና ደምሩ፤ ምልክቱ 100 እጥፍ ሲያድግ ጫጫታው የሚያድገው 10 እጥፍ ብቻ ነው። የደጋው ብርድ ባትሪ ያደክማል፣ ሌንስ ላይም ጤዛ ያስቀምጣል፤ በሌላ በኩል የካሜራው የሙቀት ጫጫታ በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ብርዱ ወዳጅ ነው።

መጨረሻ ላይ ስሌቱ ይመጣል። ከመሀል እስከ ዳር 3 አርክ ደቂቃ፣ ማለትም 180 አርክ ሰከንድ ነው። ለ0.2 ብታካፍሉት 900 ዓመት። በጥንቃቄ የለኩ ተመራማሪዎች ግን የሚያገኙት የፍንዳታ ዓመት 1054 ሳይሆን ከ1130 አካባቢ ነው፤ 80 ዓመት ገደማ ይዘገያል። ቻይናውያኑ ተሳሳቱ? የለም። ለኪዎቹስ? እነርሱም የለም። ስሌቱ ክሮቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአንድ ፍጥነት እንደሄዱ ያስባል፤ እነርሱ ግን እየፈጠኑ ነው የመጡት። የሚገፋቸው አለ። ገፊው ያ በምስሉ ላይ እንደ መንገደኛ የቆመው ነጭ ነጥብ፣ ፐልሳሩ ነው። ከ80 ዓመት ልዩነት ውስጥ አንድ የተደበቀ ሞተር ይወጣል። ይህን ከየትኛውም ባለቀለም ፖስተር አታገኙትም።

ለእንጦጦም አንድ ሐሳብ

በአገራችን ይህን በትልቁ ለመሥራት መሣሪያው አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ከተመሠረተ በኋላ የደከመበት የእንጦጦ ማዕከል በ2015 ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችን ይዞ ተመረቀ። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ሎርድ ሮስ ያንን ሸርጣን የሳለበት ቴሌስኮፕ መስታወቱ 91 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የእንጦጦዎቹ ይበልጡታል፣ በዚያ ላይ እርሱ ያልነበረው ካሜራ አለ። በእርግጥ ክረምቱ ለወራት ሰማዩን ይዘጋል፣ ከግርጌው ያለችው አዲስ አበባም በየዓመቱ ብርሃኗ ይጨምራል። ጠባብ ፊልተር ግን የከተማ ብርሃንን አብዛኛውን ያስቀራል። የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ በየታኅሣሡ አንድ ምስል፣ በአንድ ዓይነት ፊልተር፣ በአንድ ዓይነት አነሳስ፣ ለማንም ተማሪ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ። ዋጋው አንድ ሌሊት ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የትኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚለካው የራሱ አገር ሱፐርኖቫ ቅሪት ፎቶ ይኖረዋል።

ለትልቅ ቴሌስኮፕ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ሲታሰቡ ቆይተዋል። የሰሜን ጨለማም እንደዚያው ሀብት ነው። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የበየዳ ሌሊት ጨለማ የሆነበት አንዱ ምክንያት መብራት ያልደረሰው ቤት መብዛቱ ነው። ለፎቶ ሲባል ሰው በኩራዝ ይቀመጥ የሚል ሰው የሰማዩንም የሰውንም ነገር አያውቅም። መብራቱ ይግባ፤ ሲገባ ግን የመንገድ አምፖሉ ክዳን ኖሮት ወደ መሬት ይብራ። ወደ ሰማይ የሚሄድ ብርሃን ለማንም መንገድ አያሳይም፣ ክፍያው ግን ያው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምር የጠፈር ምስል ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። እያንዳንዱ ቀለም የምን ብርሃን ነው? የተነሳው መቼ መቼ ነው? ሰማይ ላይ ምን ያህል ስፋት ይይዛል? መልሱ ከምስሉ ጋር በሚወጣው መግለጫ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የ2005ቱ የሀብል ምስል ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው፤ ለሁለተኛው «14 ወር» ብሎ ያፍራል፤ ለሦስተኛው መልሱን ለማግኘት ግን ባይኖኩላር ይዛችሁ በታኅሣሥ ሌሊት ውጪ መውጣት አለባችሁ። ጋቢ አትርሱ።